የአቶ ባንተአምላክ በረንዳ

ልብስ ሰፊው አቶ ባንተአምላክ ከአሰላ ገበያ ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና አዲሱ ባለመስታወት ሕንፃ ሥር ተለጠፉ። ሕንፃው ግን መጠለያ የሚሆን ክፈፍ እንኳ የለውም፤ ዘበኛውም «መግቢያውን አትዝጉ!» ብሎ አባረራቸው። አብራቸው የተባረረችው የከተማ ፕላን ባለሙያዋ ፈናን ነበረች። ሁለቱም መንገዱን ተሻግረው ወደ አቶ ባንተአምላክ አሮጌ ቤት ሮጡ። በረንዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰው ሞልቷል።

«አባባ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ! የራስዎ ቤት አስመሰሉት» አለቻቸው ከኢተያ የመጣች፣ የማታውቃቸው አንዲት ገበያተኛ።

ፈናን ሳቋን ዋጠች። ሽማግሌው ግን ወደ እሷ ዞረው፣ «የትምህርት ቤት ልብስሽን የሰፋሁልሽ ልጅ፣ ዛሬ ለአሮጌው ሰፈር የግንባታ መመሪያ ታረቅቂያለሽ አሉ። ነገ አናጺው ቱሳ ይህን በረንዳ ያፈርሰዋል። ለልጄ ለቢታንያ ባለመስታወት ሱቅ ልሠራላት ነው። ወይስ በስብሰን እንቅርላችሁ?» አሏት።

«ኧረ ጋሼ! ቆርቆሮውን ይቀይሩ፣ ውሃ ያስገቡ፣ ጓሮውን እንዳሻዎት ይሥሩ። መመሪያው የሚለው በመንገዱ በኩል በረንዳው አይፍረስ፣ ቤቱም ከጎረቤቶቹ በላይ አይቆለል ነው።»

«ታዲያ ሥልጣኔው የታለ?»

«ያ ነው ሥልጣኔ?» ወደ ሕንፃው ጠቆመች። መስታወቱ ሥር አንድም ሰው የለም። «ቢታንያ ገዢ የምታገኘው እዚያ ነው እዚህ?»

ሰማያዊ መስታወት ባየ ቁጥር ከተማ ያደገ የሚመስለው ስንቱ ነው! የጭላሎ ተራራን ዝናብ የማያውቅ ሕንፃ ለአሰላ ምኗ ነው?

አቶ ባንተአምላክ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዓይናቸው ግን ድሮ የስፌት መኪናቸው ይቆምበት ወደነበረው ጥግ ሄደ። የሻረግ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንዲህ ባለ ዝናብ ነበር ነጠላዋ እየተንጠባጠበ የገባችው። በርጩማቸውን ለቀቁላት። ዝናቡ አባራ፤ እሷ ግን «ቁልፍ ይተከልልኝ» ብላ ቆየች። ከዚያማ ሚስታቸው ሆና ሠላሳ ዓመት አብራቸው ኖረች።

«መስታወት ቢሆን ኖሮ አልፋ ትሄድ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«ማን?»

«ተይው። መመሪያሽ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አለበት?»

«የለበትም።»

«እና ምኑን አረቀቅሽው! ሰው እስኪያባራ ቆሞ ይድረቅ? ጻፊ!»

በማግስቱ ቱሳ መዶሻውን ይዞ ሲመጣ የተሰጠው ሥራ የበሰበሰውን ምሰሶ መቀየርና አግዳሚ መሥራት ሆነ። ቢታንያም ሱቋን ከበረንዳው ጀርባ ከፈተች። ጎረቤቶቹ አይተው በረንዳቸውን አደሱ፤ ክረምት ከበጋ ገበያተኛው ሳይርስ ያልፋል፣ ሊጠለል የቆመውም ሳይገዛ አይሄድም።

ዝናብ በመጣ ቁጥር ሽማግሌው ከአግዳሚው ብድግ ይላሉ። «ግቡ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላሉ፤ «የራሳችሁ ቤት ነው።»