ንፋስ አይንካሽ

የየካቲት ልደታ ዕለት ነው። ከጦር ኃይሎች የተነሳው ታክሲ ልደታ ማርያም ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ነጠላ የለበሰው ምእመን መንገዱን ሞልቶት መኪናው ሁሉ ተገትሯል። ፀሐይ ጣራውን አግላዋለች፤ መስኮቶቹ ግን ከዳር እስከ ዳር ዝግ ናቸው። በአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሰው በሙቀት ይቀቀላል እንጂ ንፋስ አያስገባም።

ወይዘሮ ወርቄ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። ሰሞኑን የማይለቃቸው ሕልም መጣ። ልጃቸው ፀዲ ሦስት ክንፍ ካለው ነጭ ዛፍ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋ እንደ ደመና ይንሳፈፋል። ሊጠሯት አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸውን ንፋስ ይወስደዋል።

በዚያው ቅጽበት እውነተኛ ንፋስ ፊታቸውን ዳሰሰው። ደንግጠው ነቁ። አጠገባቸው በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ወጣት መስኮቱን ከፍቶታል።

«ልጄ፣ ዝጋው እባክህ! በላባችን ላይ ንፋስ ሊመታን ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፤ ትንሽ አየር ብናገኝ ብዬ ነው።»

«የዛሬ ልጅ ንፋስ የማይመታው ይመስለዋል!» አሉ ከፊት ያሉ አንገታቸውን በፎጣ የጠቀለሉ ሽማግሌ።

ወጣቱ እየሳቀ ዘጋው። «እኔማ አባቴ፣ ንፋስ ሲመታኝ ነው ያደግሁት። ሮቤራ እባላለሁ፤ አገሬ ከአዳማ ወዲያ ነው። እዚያ ንፋሱ መብራት ያበራል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። የወይዘሮ ወርቄ እጅ ግን ሳያውቁት ከደረታቸው የሸጎጡትን ደብዳቤ ዳበሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀዲ የኤሌክትሪክ ትምህርቷን ጨርሳ ከንፋስ መብራት በሚያመነጭ ጣቢያ ተቀጥራለች፤ ሰኞ ሥራ ትጀምራለች። «እማዬ፣ ሳትመርቂኝ እግሬን አላነሳም» ብላለች። ምርቃቱ ግን እምቢ አላቸው። ፀዲ የሦስት ወር ሕፃን ሳለች የሳንባ ምች ሊነጥቃት ለጥቂት ነበር። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ወርቄ የጌጃ ሰፈር ቤታቸውን መስኮት ቀዳዳ በጨርቅ ወተፉ፤ ልጃቸውን በየጠዋቱ የሚሸኙበት ምርቃት አንድ ብቻ ሆነ፦ «ንፋስ አይንካሽ»። አሁን ንፋስ ፍለጋ የምትሄድን ልጅ ምን ብለው ይመርቁ?

በጎልማሶች ትምህርት ሁለተኛ ዓመታቸው ነውና የልጃቸውን የቅጥር ደብዳቤ ፊደል በፊደል እየለቀሙ ራሳቸው ማንበብ ጀምረው ነበር። «ሰማንያ ሜትር ከፍታ ያለው ማማ» የሚለው ላይ ሲደርሱ አጥፈው ሸጎጡት። ሰው የፈራውን ነገር ፊት ለፊት አይጠይቅም፤ ዙሪያውን ይዞራል። እሳቸውም ዞሩ።

«ለመሆኑ ልጄ፣ የንፋሱ መብራት ምን አስፈለገን? ወንዝ አለን፤ ግድብ አለን።»

«ልክ ነው እናቴ። ግን ዝናብ ሲጠፋ ወንዙ ይደክማል፤ ግድቡ ይጎድላል። የእኛ አገር ንፋስ ደግሞ የሚበረታው በበጋ ነው። እንደ ተረኛ ጠባቂ አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነቃል። ነዳጅ አይጠጣ፣ ጭስ አያወጣ። ዛሬ ያዞረው ንፋስ አልፎ ቢሄድ ነገ ሌላ ይመጣል።»

«ሰማችሁ?» አሉ ባለ ፎጣው። «ማሩን ብቻ! ንቡንስ ማን ይናገር?»

«እውነታቸውን ነው» አሉ ወይዘሮ ወርቄ። «እህቴም ጎረቤቴም አይዞሽ፣ አይዞሽ ብቻ ነው የሚሉኝ። አይዞሽ ሰልችቶኛል። ክፉውን ንገረኝ።»

ሮቤራ ፈገግታውን ሰበሰበ።

«ክፉም አለው። ንፋስ ሹም አያዘውም፤ አንዳንድ ቀን የማማው ክንፍ ሳይዞር ይውላል። ስለዚህ ብቻውን አገር አያበራም። አያቴ ጂራታ የጤፍ ማሳቸው ላይ አንዱ ማማ ቆሞባቸዋል። ካሳ ተቀብለዋል፤ መንገዱ ማሳቸውን ለሁለት ስለከፈለው ግን እስከ ዛሬ ያዝናሉ። ሲዞር ሹው፣ ሹው ይላል፤ መጀመሪያ ሰሞን ላሞቹ ደንብረው ነበር። ጥንብ አንሳ ከክንፉ ተላትሞ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ዕቃው ሲሰበር መለዋወጫው ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ይቆማል። ያረጀው ክንፍ የት ይጣል ለሚለውም ጥሩ መላ ገና አልተገኘም።»

«ይኼን ሁሉ እያወቅህ ትወደዋለህ?»

«እወደዋለሁ። ወንዝም እኮ ይሞላል፤ ወንዝን ግን አልተውነውም። ጉዳቱን ያወቀ ሰው ነው የሚያሻሽለው።»

ወይዘሮ ወርቄ ወደ ወጣቱ ጠጋ አሉ። ከዚያ ሲዞሩት የነበረው ነገር አመለጣቸው።

«ሰውስ? ሰው ከዚያ ላይ… ይወድቃል?»

ሮቤራ ደረታቸው ላይ የተጨበጠውን እጅ አየ። «ልጅ አለዎት እዚያ?»

«ሰኞ ትገባለች።»

የተሳፋሪው ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ሄደ። ባለ ፎጣው ሽማግሌ ሳይቀሩ ዞረው «ሴት ልጅ?» አሉ።

«ሴት ናት። አንድ ናት።»

«አይወድቅም ብዬ አልዋሽዎትም» አለ ሮቤራ በቀስታ። «አደጋ ያለው ሥራ ነው። ግን መሰላሉ ማማው ሆድ ውስጥ ነው። ሠራተኞቹ በገመድ ይታሰራሉ፤ ንፋሱ ሲበረታ ማንም አይወጣም። እናቴ፣ እዚያ ጀግና አይፈለግም። ንፋስን የሚፈራ፣ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው ነው የሚፈለገው።»

«እሷማ ትፈራለች። እኔው ነኝ ያስፈራኋት።»

«እንግዲያው ግማሹን ትምህርት እርስዎ አስተምረዋታል።»

ወይዘሮ ወርቄ ተመለከቱት፤ ከዚያ እጃቸውን አሳልፈው መስኮቱን ራሳቸው ከፈቱት።

«ኧረ ተዉ እመቤቴ!» አሉ ባለ ፎጣው። «መብራቱን ተቀብያለሁ፤ መስኮቱ ግን ይዘጋ!»

ታክሲው እየሳቀ ነው የወረዱት። የልደታን ደጅ ተሳልመው ወደ ጌጃ ሰፈር አዘገሙ። አቧራ የያዘ ንፋስ ነጠላቸውን ሲገልጠው ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጡትም።

ቤት ሲደርሱ ፀዲ ያልተዘጋ ሻንጣዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ወይዘሮ ወርቄ ምንም ሳይሉ ወደ መስኮቱ ሄደው የዘመናት ጨርቁን መዘዙት። ቀጭን ንፋስ ገብቶ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ አገላበጠው።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ቆይ፣ ያላለቀ ንባብ አለብኝ።»

ደብዳቤውን ዘርግተው ካቆሙበት ቀጠሉ። «ሰ-ማን-ያ ሜትር ከፍታ ያለው ማማ… ላይ… ያለ ሁለተኛ ሠራተኛና ያለ መከላከያ ገመድ… መውጣት… ክልክል ነው።» ደግመው አነበቡት። ግማሹ ብቻ የተነበበ ደብዳቤ ሙሉ ፍርሃት ይሆናል፤ ግማሹ ብቻ የተነገረ ጥቅምም ሙሉ ጥርጣሬ። ይህን ለማወቅ መጨረሻው ድረስ መልቀም ያስፈልጋል።

«ነይ፣ ተንበርከኪ።»

ፀዲ ጉልበታቸው ሥር ወደቀች።

«ንፋስ አይን…» ብለው ቆሙ፤ ምላሳቸው የለመደውን ዋጡት። «ንፋሱ ይገራልሽ። ሲበረታ የሚያስቀምጥሽ፣ ሲረጋ የሚያስነሳሽ ልብ ይስጥሽ። ገመድሽ አይላላ። ማሳው ለተቆረሰበት ገበሬ ጆሮ ይኑርሽ፤ የሰማይዋንም ወፍ አትርሺ። በበጋ ወንዙ ሲደክም የድሃው ቤት በእጅሽ ይብራ፤ ሐኪሙ በጨለማ አይቸገር፤ ሕፃኑ መጽሐፉን ሳይጨርስ አይምሽበት። እንትፍ! እንትፍ!»

«አሜን» አለች ፀዲ፤ ዓይኗን ጠርጋ ሻንጣዋን ዘጋች።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ወርቄ ከተከፈተው መስኮት ሥር ጋደም እንዳሉ ያ ሕልም ተመለሰ። ነጩ ዛፍ ቀስ ብሎ ይዞራል። ከጫፉ ፀዲ ቆማለች። ጠሯት፤ ንፋሱም ድምፃቸውን ወሰደው፤ ወስዶም ወደ ላይ፣ ወደ ላይ አደረሰላቸው። ፀዲ ሰምታ ዞረች፤ ወገቧን በእጇ መታ መታ አድርጋ አሳየቻቸው።

«አስሬያለሁ፣ እማዬ» አለች። «ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።»