ከሚጣ ጎን

ሥራችሁንና ጉዳያችሁን ትታችሁ ሐዘናችንን ለመካፈል የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ አሁን የተቀመጣችሁባቸው አግዳሚ ወንበሮች መደገፊያ እንዲኖራቸው በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ደጋግመው ተሟግተው ያስፈቀዱት፣ ዛሬ በመካከላችን ተጋድመው የምንሰናበታቸው እኅታችን ናቸው። ሐዘንተኛ ወገቡ ተቆርጦ ነው የሚመጣው፣ መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይ አታስቀምጡት ብለው ነበር። እኛ ቤተሰቦቻቸውም ዛሬ ወገባችን ተቆርጦ መጥተን ተደግፈናል። ከመቃብር ይልቅ እሳትን ስለ ምን መረጡ ብላችሁ እንደምትጠይቁ፣ አንዳንዶቻችሁም እንደተቀየማችሁ እናውቃለን፤ እኛም ጠይቀናል፣ እኛም ተቀይመናልና አንወቅሳችሁም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ እኅታችን በዚህ ዓለም ለራሳቸው አጥብቀው የተመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም በሕፃንነቷ ከተቀጠፈችው ልጃቸው ጎን ማረፍ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረሱ ከመነሻው እንተርክላችሁ።

እኅታችን ከመሬት ቀያሽ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ክፉና ደጉን ሳይለዩ እናታቸው በመሞታቸው፣ ታላቅ እኅታቸው እንደ እኅትም እንደ እናትም ሆነው አሳደጓቸው። ሲበዛ ብርዳም ልጅ ስለነበሩ ታላቅ እኅታቸው ከሰው ትርፍራፊ ክር እየለቃቀሙ፣ አንዱ እጅጌ ቀይ ሌላው አረንጓዴ የሆነ ሹራብ ይሠሩላቸው ነበር። አባታቸው ለቅየሳ ሲወጡ የሜትሩን ጫፍ ይዘው የሚቆሙት እኅታችን ነበሩ። አንድ ቀን ድንገት ዶፍ ወርዶ ሠራተኛው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲጠለል፣ እርሳቸው ጫፏን እንደጨበጡ በመስኩ መካከል ቆመው ተገኙ፤ ለምን አልሮጥሽም ቢባሉ «ልቀቂ አልተባልኩማ» አሉ። ታላቅ እኅታቸው በዚህ ምክንያት አባታቸውን ሰንብተው አኩርፈዋቸዋል፤ እኅታችን ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያችን ጫፍ የለቀቁ አይመስለንም።

በትምህርት ቤት ሳሉ ካርታ መሣል የሚወዱ፣ የደብተራቸውን የኋላ ገጾች ከልባቸው ባፈለቋቸው ከተሞች የሚሞሉ ተማሪ ነበሩ፤ በእነዚያ ከተሞች መናፈሻና የኳስ ሜዳ፣ ጥላ ያለው የአውቶቡስ መጠበቂያም ሳይቀር ሲኖር፣ መቃብር ግን አልነበረም። በከተማ ፕላን ትምህርት ተመርቀው በማዘጋጃ ቤቱ ሲቀጠሩ፣ የተመኙት መናፈሻ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ ለእርሳቸው ማንም የማይፈልገው የመቃብር ቦታዎች ክፍል ደረሳቸው። ቢሯቸው በምድር ቤቱ ኮሪደር መጨረሻ ላይ፣ መስኮቱ ወደ ቆሻሻ መኪኖች ማቆሚያ የሚያይ፣ ፀሐይ የማያውቀው ክፍል ነበርና በጋ ከክረምት ሹራባቸውን ሳያወልቁ ይሠሩ ነበር። ባልደረቦቻቸው «የሙታን ከንቲባ» የሚል ስም ቢያወጡላቸው አልተቀየሙም፤ እንዲያውም «ምን አለበት፣ የእኔ ነዋሪዎች እንደ እናንተዎቹ አቤቱታ አያበዙም» እያሉ አብረው ይስቁ ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚያው ክፍል ነው። የአውቶቡስ መካኒክ የሆኑት ባለቤታቸው እናታቸው የሞቱባቸው ዕለት የመቃብር ቦታ ሊጠይቁ መጥተው፣ ከመስኮት ወደ መስኮት «እዚያ ጠይቅ»፣ «ኃላፊው የሉም»፣ «ነገ ና» ሲባሉ ውለው፣ ዘይት የነካ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ በመጨረሻ የእኅታችን ደጃፍ ላይ ደረሱ። እኅታችን ይቀመጡ አላሏቸውም፤ «ይነሡ፣ አብረን እንሂድ» ብለው ቢሯቸውን ቆልፈው፣ ቦታውን ራሳቸው ለክተው፣ ቆፋሪ ጠርተው እስኪያልቅ አብረዋቸው ቆሙ። ይህን ጽሑፍ የሚያነበው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ያን ዕለት በእናቱ መቃብር አፍ ላይ ሆኖ፣ አንዲት የማያውቃቸው ሴት ከዘመድ በላይ ሲሯሯጡ አይቶ እኚህ ደግሞ ማናቸው ብሎ ነበር። ወንድሙ ሊያመሰግኗቸው ተመልሰው ሄዱ፣ ደግመው ሊያመሰግኗቸው ሄዱ፣ ምስጋናው አላልቅ ሲል ተጋቡ።

ከዚህ ትዳር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ሴቷ የወጣላት ስም ቢኖርም ከቤተሰቡ ሚጣ ሳይላት የቀረ አልነበረም። እርሷም የእናቷ ልጅ ነበረችና ብርድ አይሆንላትም፤ ጠዋት ጠዋት ከወላጆቿ አልጋ ውስጥ ሾልካ ትገባና በረዶ የመሰሉ እግሮቿን በእናቷ ሆድ ላይ ለጥፋ «እማዬ፣ አሙቂኝ» ትላለች። እኅታችን ይጮኻሉ፣ ይስቃሉ፣ ከዚያም እግሮቿን አፍሰው ይዘው ያሞቋታል። ትምህርት ቤት በገባች በዓመቷ ትኩሳት ያዛት፤ ጉንፋን ነው ተባለ፣ አይደለም ተባለ፣ ሳምንት ሳይሞላት ከእጃቸው ላይ አመለጠች።

ከተማው በዚያ ዘመን የነበረው መቃብር ወንዝ ዳር ያለው ብቻ ነበር። እኅታችን ያን መሬት ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ክረምት ሲገባ ውኃው ከሥር ተነሥቶ የት ድረስ እንደሚመጣ ያስለኩት ራሳቸው ናቸው። ሌላዋ እናት ልጇ ስትቀበር የምታየው አፈሩን ነው፤ እኅታችን ግን ከአፈሩ በታች የሚመጣውን ውኃ ያዩ ነበር። ቆፋሪውን «አታጥልቀው፣ እባክህ ከዚህ በላይ አታጥልቀው» እያሉ ለመኑት፤ የለበሱትንም ሹራብ አውልቀው ልጃቸውን ጠቀለሉበት። ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር የያዙትን ሥራ አስቀምጠው መስኮት ዳር ይቆማሉ፤ ባልደረቦቻቸውም ምክንያቱን ስለሚያውቁ እስኪያባራ ድረስ አያነጋግሯቸውም ነበር።

ደረቅ መሬት ፍለጋ የጀመሩት ከሐዘናቸው በተነሡ ማግሥት ነው። ይህ ዛሬ የተሰበሰብንበት ኮረብታ፣ ዳገቱ ላይ ያለው አዲሱ መቃብር፣ እስከ በሩ የሚመጣው አውቶቡስና አስከሬን የሚቃጠልበት ይህ ቤት፣ ሁሉም በእርሳቸው ፕላን ላይ የተሣሉ ናቸው። የአካባቢው ነዋሪዎች መጀመሪያ በአንድ ድምፅ ተቃወሙ፤ «ሬሳ በደጃችን አያልፍም» ያሉ ነበሩ፣ እኅታችንን ፊት የነሡ ነበሩ፤ አንዲት የቤት እመቤት ደግሞ በስብሰባው ላይ ተነሥተው «ጭሱ ያጠብኩት ልብስ ላይ ቢያርፍስ?» ብለው ሲጠይቁ አዳራሹ በሳቅ አወካ። እኅታችን አልሳቁም። የነፋሱን አቅጣጫ ዓመቱን ሙሉ አስጠንተው ሕንፃውን ከዳገቱ ወዲያ ማዶ አዞሩት፤ ዛሬ እኚያ እመቤት በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጠው ሲያለቅሱ እናያቸዋለን።

አዲሱ ሲከፈት የወንዝ ዳሩ መዘጋት ነበረበት፤ ውኃው ከመቃብሩ ሥር አልፎ ከታች ባሉት ሰፈሮች የውኃ ጉድጓዶች ውስጥ ይገባ ነበርና። የመዝጊያውን ደንብ ያረቀቁት እኅታችን ሲሆኑ፣ ባል ከሚስቱ፣ እናት ከልጇ ጎን ልቀበር ቢሉ እንኳ ከእንግዲህ በዚያ አስከሬን እንዳይገባ ጻፉ። ባለቤታቸው ይህን ሲሰሙ «ከልጄ ጎን የእኛ ቦታ አለ፤ እናቷ ሆነሽ በሩን ልትዘጊብኝ ነው?» አሉ። እኅታችንም «ለእኛ ከከፈትኩት በማን ላይ እዘጋዋለሁ?» ብለው መለሱ። ባለቤታቸው አልጋ ለይተው ከወንድ ልጃቸው ክፍል ሲተኙ ከረሙ፣ እኛም በመካከል ገብተን ብናስታርቅ ወይ ፍንክች አሉን።

በደንቡ ውስጥ አንዲት ቀዳዳ ነበረች። የሰው አመድ ከሆነ በነባሩ የቤተሰብ መቃብር ላይ፣ ከክንድ በማይጠልቅ ጉድጓድ ማሳረፍ ይቻላል ይላል፤ ይህ ከውኃው ጋር አይገናኝምና። የምክር ቤቱ አባላት ማን ሰው ወዶ ይቃጠላል ብለው እየተሳሳቁ አጸደቋት፤ እውነትም እስከ ዛሬ ድረስ በእርሷ የተጠቀመ ሰው የለም።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን እናታቸውን ከአባታቸው ጎን በወንዝ ዳሩ ሊቀብሩ ፈልገው ወደ እኅታችን ቢሮ መጡ። እንደማይሆን ሲነገራቸው ኮሪደሩ እስኪናወጥ ጮኹ፤ «የራስሽስ ልጅ እዚያ አይደለችም? አንቺ ልትሞቺ ስትደርሺ ሊከፈት ነው አይደል?» አሏቸው። እኅታችንም ድምፃቸውን ሳያነሡ «ጌታዬ፣ እኔም እዚያ አልቀበርም» አሉ፤ ከዚያም እንደ ልማዳቸው ተነሥተው፣ አዲሱን ቦታ ላሳይዎ ብለው ይዘዋቸው ሊወጡ በሩን ሲከፍቱ፣ ባለቤታቸው ከደጁ ቆመው ሁሉንም ሰምተዋል። ያን ቀን ባልና ሚስት የእኅታችንን ቦርሳ ባለቤታቸው ይዘውላቸው በእግር ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ባለቤታቸውም ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጸናባቸውና ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ነገሩን። ያን ጊዜ ነው እኅታችን ቤተሰቡን አልጋቸው ዙሪያ ሰብስበው አቃጥላችሁ አመዴን ለሚጣ አድርሱልኝ ያሉት። ያችን ቀዳዳ ያኔ ለራሳቸው ብለው ትተዋት እንደሆነ ባለቤታቸው ቢጠይቋቸው «ለሁሉም ነው የተውኳት፤ ሰው አልደፍር ካለ እኔ ልጀምርላቸው» ብለው ፈገግ አሉ። እኛ ግን ፈገግታው አልመጣልንም። ታላቅ እኅታቸውማ «የእናቴን ልጅ በእሳት? እኔ ቆሜ?» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ፤ ሰው ቢልኩባቸው፣ ልጃቸው ሄዶ ቢለምናቸው፣ አልመጣም ብለው ቀሩ።

በመጨረሻ አንጀታቸው አልችል ብሎ ሲመጡ፣ እኅታችን ከስተው ከአንሶላው እኩል ሆነው ነበር። ታላቅ እኅታቸው ሌላ ቃል ሳይተነፍሱ «ምነው እቴ፣ ምን አደረግንሽ?» ብቻ አሉ። እኅታችንም እጃቸውን ይዘው፣ እኛ ሁላችን እየሰማን፣ እንዲህ አሉ፦ «ሚጣ እኮ ብርድ ላይ ናት። እዚህ ዳገቱ ላይ ከቀበራችሁኝ እሷም እዚያ በርዷት፣ እኔም እዚህ በርዶኝ ልንቀር ነው። እንዲህ ከሆነ ግን ሞቄ እሄድላታለሁ።» ታላቅ እኅታቸው ከአልጋው ግርጌ ተቀምጠው፣ ከብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን ሰደው፣ የእኅታችንን እግሮች አፍሰው ይዘው እስኪመሽ አሞቋቸው። በማግሥቱ ክርና ኪሮሽ ይዘው መጡ።

እኅታችን ባለቤታቸውና ልጃቸው ከአጠገባቸው ሳይለዩ፣ ከትናንት በስቲያ ማለዳ ዐረፉ። ከኋላቸው የቀሩት፣ ሁለተኛ ጊዜ ቤታቸው የፈረሰባቸው ባለቤታቸው፣ እናቱን ለእኅቱ የሚሸኘው ወንድ ልጃቸው፣ ከእናት ጡት እስከ ዛሬ ድረስ ተሸክመዋቸው የኖሩት ታላቅ እኅታቸው፣ እታለም እያልን የምንጠራቸው እኛ የባለቤታቸው ወንድሞች፣ ያለ ከንቲባ የቀሩት የምድር ቤቱ ባልደረቦቻቸው፣ እንዲሁም ስማቸውን እንኳ ሳያውቅ በደረቅ መሬት ላይ ሰው የሚቀብረው የዚህ ከተማ ሕዝብ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን እንንገራችሁና እናብቃ። አመዱን ለቤተሰብ ማስረከብ በደንቡ በማግሥቱ ሲሆን፣ እኅታችን ግን መጠበቅ የሚፈልግ ይጠብቅ ብለው በስተቀኝ የምታዩትን ክፍል አሠርተው ነበር። ዛሬ እዚያ እንጠብቃለን፤ አብሮን የሚቆይ ይቆይ፣ የደከመው ይሂድ። ከዚያ ባለቤታቸው በደረታቸው ታቅፈው ወደ ወንዝ ዳሩ ይወስዷቸዋል፤ ከተዘጋ ጀምሮ ለቀብር ያልተከፈተው በር ዛሬ በደንቡ መሠረት ይከፈታል። መንገዱ ረጅም ነው፣ ሰማዩም እንደምታዩት ጠቁሯል። ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ከወደዱት ጋር ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው ጉልበት፣ ለልጃቸው መጽናናት ይስጥልን፤ እናንተንም ከሐዘን ይጠብቅልን። ታላቅ እኅታቸው እጃቸው ላይ የያዙትን ያያችሁ ምንድን ነው ብላችሁ ትሆናላችሁ፤ አንዱ ጎን ቀይ፣ ሌላው ጎን አረንጓዴ ነው፣ አመዳቸው የሚገባበት ሸክላ ልክ ነው። በመንገድ ላይ እንዳይበርዱ ነው የሠሩላቸው።