ከሞተ ሰው ጉልበት

መንገዱ ገና ኮረኮንች ሳለ፣ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ አንዲት እናትና ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣ ተማሪ ያወሩ ነበር።

«ምን ትሠራለህ ልጄ?»

«የመግነጢስ ኃይል የሚፈጥር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው እማማ። ከጉልበት ለስላሳ አጥንት በተወሰደ ሴል ላይ እንሞክረዋለን።»

«ከበግ ጉልበት?»

«ከሰው። ከሞተ ሰው።»

«ያረቢ! ሬሳ ላይ?»

«ሴሉ አልሞተም። ቶሎ ከተወሰደ ላቦራቶሪ ውስጥ ይኖራል፤ ይባዛልም። መሣሪያዬ ያጠነክረው እንደሆነ ነው የምናየው።»

«ሰውየው ተቀብሮ ሴሉ ይኖራል?»

«አዎ፣ ተቀብሮ።»



«የኔ ልጅ ዐረብ አገር ሆስፒታል ሞታ እዚያው ቀበሯት። ከሷም ወስደው ይሆን?»

«ቤተሰብ ሳይጠየቅማ አይወሰድም እማማ።»

«ወይኔ! ምነው በጠየቁኝ ኖሮ!»

አቀስታ እስክንደርስ ወደ ኋላ ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም።