ከክር ፋብሪካ ወደ ስልክ ቤት

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከግምጃ ቤት ከተማ ወደማስተምርበት ወደ ዳንግላ ስመለስ የተሳፈርሁበት የጭነት መኪና እንጅባራ ላይ ተበላሸ። ሾፌሩ እስኪጠግነው ድረስ የዘንገናን ሐይቅ ልይ ብዬ በእግሬ ወጣሁ። ከአፋፉ ስደርስ አንድ ሽማግሌና አንዲት ወጣት ሴት ሣጥን የተጫነ ፈረስ አቁመው ሲከራከሩ አገኘሁ።

«መንገደኛው ጌታዬ፣ የተማሩ ይመስላሉ፤ እስቲ ላፍታ አረፍ ይበሉና ይፍረዱን» አሉኝ ሽማግሌው።

በአገራችን ዳኛ ሁነኝ የተባለ መንገደኛ ጥሎ አይሄድምና ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሽማግሌው አቶ ሽባባው ይባላሉ፤ በዘንገና ዙሪያ ገብስና ድንች የሚያርሱ ገበሬ ናቸው። ሴቲቱ ልጃቸው ዘውድነሽ ናት።

«ይህች ልጄ አዲስ አበባ ክር ፋብሪካ ትሠራ ነበር» አሉ አቶ ሽባባው። «አሁን አሰናበቷት። ቤቷ ልትመለስ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ፈረስ ይዤ ብቀበላት፣ ሰኞ ዳንግላ መድረስ አለብኝ፣ መንግሥት እየቀለበ ሌላ ሙያ ሊያስተምረኝ ነው ትለኛለች። መንግሥትን እኔ አውቀዋለሁ። ግብር ሲደርስ ደጄን አይስተውም። ሲሰጥ ግን አይቼው አላውቅም።»

ዘውድነሽ ነጠላዋን አስተካክላ በትሕትና መለሰች። «አባዬ፣ ጥፋት አጥፍቼ አይደለም የወጣሁት። በመርከብ የሚመጣው የባሕር ማዶ ክር ከእኛው ረከሰ። ነጋዴው ሁሉ ወደዚያ ዞረ፤ እኛ የፈተልነው መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ቀረ። አንድ ጧት ስንገባ ማሽኖቹ ቆመዋል። ያ ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት ጸጥ ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ ልነግርዎ አልችልም። ዕድሜ ልካቸውን እዚያ የሠሩ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ኋላ መንግሥት ሰው ልኮ፣ ሥራ ያጣችሁት ሌላ ሙያ ትማራላችሁ፣ እስክትማሩም የዕለት ቀለባችሁ አይቋረጥም አለን።»

«ለምን? ምን ዕዳ አለበት?» አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ብዙ የተማሩ ሰዎችም ሲጠይቁት ሰምቻለሁ።

«አቶ ሽባባው፣ ይህ የለበሱት ጋቢ ድሩ ከየት የመጣ ነው?» አልኋቸው።

«ማጉን ባለቤቴ ፈተለችው። ድሩን ከዳንግላ ገበያ ገዛሁ።»

«እንደ ድሮው ውድ ነበር?»

«የለም፣ ዘንድሮስ ረክሷል።»

«እንግዲያው የባሕር ማዶው ክር እርስዎን ጠቅሟል፤ ሸማኔውንም ጠቅሟል። ልጅዎን ግን እንጀራዋን አሳጣት። መንግሥትም ክሩ ወደብ ሲደርስ ቀረጥ ይቀበልበታል። ታዲያ አገር ሁሉ ርካሽ ለብሶ ጉዳቱን ጥቂት ሴቶች ብቻ ቢሸከሙት ፍርድ ነው ይላሉ?»

አቶ ሽባባው ጋቢያቸውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ዐዩት። ክርክሩ ግን አልለቀቃቸውም። «ይሁን እንጂ ሰው ምን ይላል? የሽባባው ልጅ ተመጽዋች ሆነች ይላል። እኔ ባለርስት ነኝ፤ ልጄን የማበላው አላጣሁም።»

«ምጽዋት በልቶ መቀመጥ ነው፣ አባዬ» አለች ዘውድነሽ። «እኔ ተምሬ ልሠራ ነው የምሄደው። ከእርስዎ ጓዳ ብቀመጥ ነው ተመጽዋች የምሆን።»

ሽማግሌው ወደ ፈረሱ ሄደው የሣጥኑን ጠፍር አጠበቁ። «እስከ ፋሲካ ትሞክረው» አሉ በመጨረሻ። «ካልሆነ ግን ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

ዘውድነሽ ዳንግላ ስልክ ቤት ተመደበች። በቀን ጥሪ ከምታገናኘው ከነባሯ ስልክ አዟሪ ሥር ሆና ትማራለች፤ ማታ ማታ ደግሞ እኔ ንባብና ቍጥር አስተምራታለሁ። የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ የኖሩ ጣቶቿ ሽቦውን ከቀዳዳው ሲያገናኙ ፍጥነታቸው የሚያስደንቅ ነበር።

ዐቢይ ጾም እንደገባ በገበያ ቀን አቶ ሽባባው ፊታቸው ጠቍሮ ትምህርት ቤት መጡ። ልጃቸውን ሊወስዱ ነው ብዬ ክርክር ሳዘጋጅ ሌላ ነገር ነገሩኝ። የዘውድነሽ ወንድም ነጋ ደብረ ማርቆስ መንገድ ሥራ ላይ ሳለ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፤ ከዚያ የመጣ ነጋዴም አይተርፍም ብሏቸዋል።

«ዘውድነሽን ይዤ ልሂድ» አሉ። «ለቀብሩ እንኳ ብንደርስ።»

ተያይዘን ስልክ ቤት ገባን። ዘውድነሽ ወሬውን ሰምታ ቀለሟ ተለወጠ፤ ግን አላለቀሰችም። «አባዬ፣ ይቀመጡ» ብላ መስሚያውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እጀታውን አዞረች። «ደብረ ማርቆስ! ደብረ ማርቆስ! ሆስፒታሉን አገናኙኝ።»

ጠበቅን። ሽማግሌው በትራቸውን ጉልበታቸው መካከል አቁመው ከንፈራቸው ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። ዘውድነሽ ድንገት ቀና ብላ መስሚያውን በጆሯቸው ላይ አስጠጋችላቸው።

የሰማሁት ጩኸታቸውን ነው። «ነጋ! ነጋ ነህ?» ከዚያ ቋንቋው ወደ አገውኛ ተለወጠ፤ ፈጥነው ጠየቁ፣ ዝም ብለው ሰሙ፣ ደግሞ ጠየቁ። ሲነጋገሩ ሻሻቸውን ከራሳቸው አውርደው በእጃቸው ይዘውታል፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የቆሙ ይመስላሉ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ቀዶ ሕክምና አድርገውለት ድኗል» አሉን ዞረው። «ቆሞ ነው ያናገረኝ። የራሱ ድምፅ ነው፤ ሲስቅ የሚስቀው ሳቅ!» ከዚያም የስልኩን ጀርባ ጐንበስ ብለው ዐዩ። «ሽቦው አገውኛም ይችላል እንዴ?»

ዘውድነሽ ሳቀች፤ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

እኔ እንኳ፣ የስልክን ነገር በመጽሐፍ ያነበብሁት፣ በዚያች ሰዓት እንደ ሽማግሌው ተደነቅሁ። ብዙ ቀን የሚያስኬድ አገር በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቀርቦ ነበር። ወደ ውጭ ስንወጣ አቶ ሽባባው ወደ ደቡብ የሚሄዱትን ምሰሶዎች ዓይናቸው እስከሚችል ተከተሏቸው።

«ይህን እንጨት ሲተክሉ ማሳዬን ነካ ብዬ ተጣልቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «የልጄ ድምፅ በርሱ ላይ እንደሚሄድ ማን ነግሮኝ!»

በማግሥቱ በቀጥታ ወደ ጎረቤታቸው ወደ አቶ ደሴ ቤት ሄዱ። የአቶ ደሴ ልጅ እናትነሽም ከዚያው ፋብሪካ ከተሰናበቱት አንዷ ናት፤ አቶ ሽባባው አትላካት ብለው ስለመከሩ ቤት ቀርታለች። እዚያ የተናገሩትን አቶ ደሴ ራሳቸው ነግረውኛል።

«ደሴ ወንድሜ፣ ተሳስቼ አሳሳትሁህ። ሥራ ያጣ ሰው ቤት ሲቀመጥ እጁ የለመደውን ይረሳል፣ ልቡም ይሰበራል። ሲማር ግን ራሱን ይችላል፤ ለወላጁም ለአገሩም ይተርፋል። ልጄ የኔን እንጀራ ትበላለች ብዬ ስሰጋ፣ ዛሬ የታመመ ዘመድ ያለው ሁሉ የርሷን ደጅ ይጠናል። የአገር መርዶና የምሥራች በእጇ ያልፋል። መንግሥት ሲሰጥ አላየሁም እል ነበር፤ አሁን በጆሮዬ ሰማሁት። ልጅቱን ስጠኝ፣ ራሴ አደርሳታለሁ።»

እናትነሽን በፈረሳቸው አስቀምጠው፣ እሳቸው ልጓሙን ይዘው በእግራቸው ዳንግላ ገቡ። ሙያ ተማሪዎቹ ወደሚመዘገቡበት ቢሮ አብሬያቸው ሄድሁ። ሹሙ የምዝገባው ጊዜ ማለፉን ገልጾ፣ ቢሆንም አንድ ቦታ ከልብስ ስፌቱ ክፍል እንዳለ ተናገረ። ከዚያም ሽማግሌውን ከላይ እስከ ታች ዐይቶ ጠየቀ፤

«እርስዎ የልጅቱ አባት ነዎት?»

«አይደለሁም፣ ጌታዬ» አሉ አቶ ሽባባው። «እንዳትመጣ የመከርሁት ሰው ነኝ።»