ቁጣ አድራሻውን ሲስት

አቶ ተሻገር በዚያ ቅዳሜ ከሰላማዊ ሰልፍ ሲመለሱ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ከጠዋት ጀምረው ሲጮኹ ውለዋል። ያለ ምክንያትም አልጮኹም፤ ዜጋ ሆነው ድምፅ የሚሰጡበት የአሜሪካ መንግሥት፣ በትውልድ አገራቸው አንድን ክልል ለመገንጠል የተነሣ ድርጅት ይደግፋል መባሉ የዋሽንግተንን አካባቢ አበሻ ሁሉ አንገብግቦት ነበር። አቶ ተሻገር ለሃያ ስምንት ዓመት ታክሲ የነዱ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ከዋሽንግተን አጠገብ ያለችው የሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ እድር ጸሐፊ የሆኑ፣ ልበ ቅን ግን ቶሎ የሚቆጡ ሰው ናቸው።

ጋለሪ ፕሌስ የምድር ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የሲልቨር ስፕሪንጉን ባቡር ሲጠብቁ፣ «ጋሼ ተሻገር!» የሚል ድምፅ ሰሙ። ማኅደር ነበረች። የሟች ጓደኛቸው ልጅ ናት፤ በስምንት ዓመቷ መጥታ እዚሁ አድጋ፣ ሕግ ተምራ፣ ዊተን በሚባል ሰፈር የስደተኞችን ጉዳይ በሚከታተል ቢሮ ትሠራለች።

«የት ነው እንዲህ የምትሮጪው?» አሏት ጉንጯን ስመው።

«አሌክሳንድሪያ፣ ጋሼ ወልደአምላክ ቤት። እትዬ ብሩክታይት ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ነው፤ ፎርሙን ልሞላላቸው ብዬ።»

የወልደአምላክ ስም ሲነሣ የአቶ ተሻገር ፊት ጠቆረ። ሠላሳ ዓመት የተወዳጁ፣ በአንድ እድር ያሉ፣ ልጆቻቸውን ክርስትና የተነሣሡ ሰዎች ናቸው። ወልደአምላክ ግን የተወለዱት ከዚያ ክልል ነው፤ ከወር ወዲህም ሁለቱ አልተነጋገሩም።

«እንግዲያው ጥሩ ጊዜ ተገናኘን» አሉና ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ለነገው ስብሰባ ነው። ታይፕ አድርጊልኝ።»

ማኅደር አነበበችው። ከዚያ ክልል የተወለደ የእድሩ አባል ሁሉ «ድርጅቱን አወግዛለሁ» ብሎ በአባላት ፊት እንዲፈርም፣ ያልፈረመ ከእድሩ እንዲሰረዝ የሚል የውሳኔ ሐሳብ ነበር። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችላቸው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ ይህንንስ አልጽፍልዎትም።»

«ምነው? አንቺም ከነሱ ጋር ነሽ?»

«እኔማ ባለፈው ሳምንት ለኮንግረስ ተወካያችን ስልክ ደውዬ ተቃውሜያለሁ። ቁጣዎ ልክ ነው። ግን ያስቆጣዎት ማነው?»

«መንግሥት ነዋ! የራሳችን መንግሥት!»

«ታዲያ ወረቀቱ የተጻፈው በማን ላይ ነው?»

ሽማግሌ መልስ ሲያጣ ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ አቶ ተሻገርም በተዘጋው ድምፃቸው እንዲሁ አደረጉ። «ዝም ያለ ተባባሪ ነው! ወልደአምላክ ዛሬ ሰልፍ ወጣ? አልወጣም!»

«ለምን እንደቀሩ ጠየቋቸው?»

«ምኑን እጠይቀዋለሁ? የታወቀ ነገር!»

የሲልቨር ስፕሪንጉ ባቡር መጥቶ ቆመ። አቶ ተሻገር ሊነሡ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ፤ ክርክር ሳይቋጩ መሄድ አይሆንላቸውም። ባቡሩ ትቷቸው ሄደ።

«አባባ በሕይወት እያሉ አንድ ተረት ይወዱ ነበር» አለች ማኅደር በለዘበ ድምፅ። «'አህያውን ፈርቶ ዳውላውን' የሚሉትን። ጋሼ፣ መንግሥቱ ትልቅ ሆነብንና እጃችን የሚደርስበትን ሰው መታን። ያ ድርጅት ሕዝቡን ምን እያለ እንደሚሰብክ ያውቃሉ? 'እነዚህ ሰዎች አይፈልጓችሁም፤ ከነሱ ጋር መኖር አትችሉም' ነው የሚለው። ነገ ይህ ወረቀት ቢጸድቅ ፎቶ አንሥቶ ያሳያቸዋል። ከእርስዎ የተሻለ ምስክር ከየት ያገኛል?»

አቶ ተሻገር ወረቀቱን አገላበጡ።

«ደግሞስ» ቀጠለች፣ «እድር የሚቋቋመው ለቀብርና ለሐዘን ነው። ሬሳ የት ተወለድክ ተብሎ ይጠየቃል? አገር አይገንጠል ብለን ጮኸን ስናበቃ መጀመሪያ የምንገነጥለው የገዛ እድራችንን ሊሆን ነው።»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ኪሳቸው መለሱ። የተማረ ልጅ ሲናገር መስማት ለሽማግሌ ውርደት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አቶ ተሻገር ግን በዚህ አይታሙም። «እሺ፣ ወልደአምላክ ለምን ቀረ ታዲያ?» አሉ።

«አብረን እንሂድና እሳቸውን እንጠይቃቸው።»

በቢጫው መስመር ወደ አሌክሳንድሪያ ወረዱ። በሩን የከፈቱት ወልደአምላክ ራሳቸው ነበሩ። ተሻገርን ሲያዩ ደነገጡ፤ «ግባ እንጂ» አሉ።

አቶ ተሻገር ግን እደጃፉ ላይ እንደቆሙ፣ «ለምን ከሰልፉ ቀረህ?» አሏቸው።

ወልደአምላክ በሩን እንደያዙ መለሱ። «በፊተኛው ሰልፍ መጥቼ ነበር፤ ጎን ለጎን ቆመናል። አንድ ጎረምሳ 'አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ? ወደ ወገኖችህ ሂድ' ብሎ ገፈተረኝ። አንተ አይተኸዋል ተሻገር። አይተህ ፊትህን አዞርክ። ያን ድርጅት ካንተ እኩል እቃወመዋለሁ፤ የወንድሜ ልጆች ያሉት በሱ ጠመንጃ ሥር ነው። ግን ሰው እንደ ጠላት በሚያየኝ ሰልፍ ላይ በየትኛው እግሬ ልቁም?»

አቶ ተሻገር አስታወሱ። አለማወቅ አልነበረም፤ ያን ቀን ልባቸው እያወቀ፣ ሰው ምን ይለኛል ብለው ነበር ዘወር ያሉት። የወሩ ሙሉ ቁጣም ግማሹ ይህንን ለመሸፈን ነበር።

«ፈርቼ ነው» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አጥፍቻለሁ ወንድሜ፤ ይቅር በለኝ።»

ከሳሎን የወልደአምላክ ባለቤት የብሩክታይት ድምፅ መጣ፦ «ሁለታችሁም ሽማግሌዎች፣ እበር ላይ ቆማችሁ ብርድ አታስገቡብኝ! እኔ በአንድ እግሬ እንኳ ምግብ ሠርቻለሁ፤ ግቡ!»

በማግሥቱ እሑድ አቶ ተሻገር በእድሩ ስብሰባ ላይ ሌላ ሐሳብ ይዘው ቆሙ፤ ማንም አባል የትውልድ ቦታው እንዳይጠየቅና ተቃውሞው በሁሉም አባላት ፊርማ ለኮንግረስ ተወካዮች እንዲቀርብ። ሙሉዓለም የተባለው አባል፣ «ትናንት አንበሳ ነበሩ፤ ዛሬ ማን አለሳለሰዎት?» ቢላቸው፣ «አለመለሳለሴ ነው ወዳጄን ሊያሳጣኝ የነበረው» ብለው መለሱለት። ብዙ ክርክር ተደረገ፤ በመጨረሻ ሐሳቡ አለፈ።

ከዚህ የተገኘው ጥቅም ብዙ ነው። ደብዳቤውን ማኅደር በእንግሊዝኛ አዘጋጀችው። አፍረው ቤታቸው የተቀመጡ የዚያ ክልል ተወላጆች አንድ በአንድ እየመጡ ፈረሙ፤ ቀጥሎ የተደረገው ሰልፍም ከፊተኛው ይልቅ ሰፋ። እስከዚያ ድረስ ጩኸታቸውን ከመንገድ ላይ ብቻ የሰማው የተወካዩ ቢሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠሮ ሰጣቸው። ቢሮው ውስጥ ወልደአምላክ በዝግታ ተናገሩ፤ የወንድማቸውን ልጆች ስም እየጠሩ፣ የድርጅቱ ታጣቂዎች ያደረሱባቸውን በደል አስረዱ። የተወካዩ ጸሐፊ ብዕሩን ሳያሳርፍ ጻፈ። መንግሥት በአንድ ቀን ሐሳቡን አይለውጥም፤ «ክልሉ ሁሉ የሚፈልገው መገንጠልን ነው» የሚለው ወሬ ግን ከዚያ ወዲያ ያን ቢሮ በቀላሉ አላታለለውም።

ሲወጡ አቶ ተሻገር በኮሪደሩ ውስጥ ማጉረምረም ጀመሩ። «ለዘብክባቸው ወልደአምላክ። ጠንከር ማለት ነበረብህ።»

«በሚቀጥለው አንተ ተናገራ!»

«አይ» አሉ አቶ ተሻገር፣ የጓደኛቸውን ክንድ ያዝ አድርገው፤ «አንተው ተናገር። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»