ለአባቷ የቀረላቸው ቃል

የንግግር ሕክምና ዲግሪዬን ይዤ አሰላ ጤና ቢሮ ሥራ ልጠይቅ ስገባ፣ የቢሮው ኃላፊ ወረቀቴን ሳያነቡ «መደብ የለም» ብለው አሰናበቱኝ። በሳምንቱ በዚያው ቦታ ዘመዳቸውን ቀጠሩ። የወጪ መጋራት ዕዳዬን ባጃጅ እየነዳሁ ከፈልኩ፤ ሕመምተኛ ከመጣልኝ ቤቴ አያለሁ። ባለፈው አንዲት ወጣት፣ ስትሮክ አንደበታቸውን የያዘባቸውን አባቷን ደግፋ መጣች። እኚያው ኃላፊ ነበሩ።

«ጋሼ፣ እኔም ይሄንኑ ልማር አስቤያለሁ። ደሞዙ ዕዳውን ይችላል?» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት አዛውንቱ «መደብ የለም» አሉ፣ በዚያው ድምፅ። «አባዬ ከታመመ ጀምሮ ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም» አለች። «እንግዲያው መልሱን ከአባትሽ ሰማሽ» አልኳት። አዛውንቱ እጄን ጨምድደው ያዙኝ፤ ጭንቅላታቸውን በእምቢታ እየወዘወዙ፣ እንባቸው እየወረደ፣ «መደብ የለም! መደብ የለም!» አሉ። ሌላ ነገር ሊሉ ፈልገው ነበር። ያንን ቃል የሚያስተምራቸው ደግሞ ከእኔ በቀር የለም።