ጀርባውን የምናውቀው ሰው

ግቢ፣ ግቢ የኔ እህት። በጎን በኩል ዙሪልኝ እንጂ በዚህ አትርገጪ፤ ጣውላው ገና ዘይቱን እየጠጣ ነው። መንገዱ አላስቸገረሽም? ደስ የሚል ቀን ነው ዛሬ። ፀሐዩ አይጋረፍ፣ ነፋሱ ልክ... ለዘይት እንዲህ ያለ ቀን ነው የሚፈለገው። ሻንጣሽ ከባድ ይመስላል። የማሳጁ ድንጋዮች ናቸው? አይ እንጀራ! ሰውን ስንቱን ታሸክመዋለች።

እማዬ ውስጥ ተኝታለች። ትንሽ ትተኛ፣ ሌሊቱን እግሯ ሲጠዘጥዛት ነው ያደረው። ሶኬቱ ከበሩ አጠገብ ነው፣ ማሞቂያሽን እዚያ ሰኪው። እስኪሞቅልሽ እኔም ይቺን የመጨረሻዋን ጣውላ ልቀባ። ወንበሩ ንጹሕ ነው፣ ቁጭ በይ።

በረንዳው ያምራል አይደል? የላከሽ ሰው ነው ያሠራላት። ስሙን ምን አስጠራኝ፣ ታውቂው የለ። አንድ ሆድ ነው ያወጣን፤ እሱ ታላቄ ነው። እማዬ ሰባ ዓመት ሲሞላት «እናቴ ፀሐይ የምትሞቅበት» ብሎ አናጢ አምጥቶ በሦስት ቀን አስገጠመው። ሪባን አሰረበት፣ እሷን አስቆረጣት፣ ፎቶ አነሣ። ፎቶውን አላሳየሽም? ይገርማል... ያላሳየው ሰው የቀረ አይመስለኝም ነበር።

አዋቂ ነው ደግሞ። በሄደ በሳምንቱ ደውሎ የእንክብካቤውን ሥርዓት አንድ በአንድ ነገረኝ። «በዓመት ሁለቴ በብሩሽ ታጥቢዋለሽ። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍጊዋለሽ፤ በርዝመቱ እንጂ በአግድሙ እንዳይሆን። ዘይቱን ስስ አድርገሽ፣ ሁለት ጊዜ።» ሲያስረዳ እኮ! የሚያውቅ ሰው ምን ያንበረክከዋል? የምንበረከከው እኛ የማናውቀው ነን። ይኸው አራት ዓመት፣ በዓመት ሁለቴ። ለንስሐ እንኳ እንዲህ አልተንበረከክሁም።

እጁን አይተሽው ይሆናል፤ አንቺ የማሳጅ ባለሙያ ነሽ፣ አይጠፋሽም። እንዴት ያለ ለስላሳ እጅ ነው! ምንም ነገር ነክቶ አያውቅም... ክፉ ነገር ማለቴ ነው። የኔን ደግሞ ተመልከቺው። ተዪው፣ አትመልከቺው።

ሐሙስ ሐሙስ አንቺ ጋ ነው አይደል የሚመጣው? ነግሮናል። «ድንጋዩ ጀርባዬ ላይ ሲደረደር ሁሉን እረሳለሁ» ይላል። ሐሰት የለበትም፤ በመርሳት ጎበዝ ነው። ጀርባውን ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም ትዪ ይሆናል... እንዳትፎካከሪን! እኛም ብንሆን ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን ነው የለመድነው።

ሲመጣም ባዶ እጁን አይመጣም። አምና ሁለት ትልልቅ የሸክላ አበባ መትከያዎች አምጥቶ፣ እዚያ ጥግ ላይ አስቀመጠ። ለውበት። ውሃ የማጠጣው እኔ፣ ከሥሩ የሚወርደውን የሚጠጣው ጣውላው። አናጢው ገና ያኔ «ከላዩ ዕቃ አይክረምበት፣ ከሥር ይበሰብሳል» ብሎን ነበር። ግን አናጢ ስለ እንጨት ምን ያውቃል? ላነሣቸው ብል «አንቺ ደግሞ አበባ ትጠያለሽ?» አለኝ። ኧረ እኔ አበባ አልጠላም።

ከዚያ ጣውላው ለሰለሰ። ደወልኩለት። «ጋሼ፣ በካቻቪቴ ስወጋው ይገባልኮ» አልኩት። «እንጨት ይተነፍሳል» አለኝ። እስኪ ይተንፍስ ብዬ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። እንደገና ደወልኩ። «ሳላየው እንዳትነኪው፤ ሐሙስ እመጣለሁ» አለ። ሐሙስ መጣ፣ እሱ አልመጣም። በሚቀጥለውም ሐሙስ እንዲሁ። ምን ያድርግ? አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይተኛ! እኔም ሞኝ፣ የታላቅ ቃል አይሰበር ብዬ ወንበር ጋረድኩበት። ቃሉ አልተሰበረም። የተሰበረው ሌላ ነው።

በሦስተኛው ሐሙስ እማዬ በጠዋት ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች። «ዛሬ አይቀርም፣ ጀርባውን ያመዋል፤ ፀሐይ ላይ ላስቀምጠው» ብላ ወንበሩን ሳበችው። ያንን የጋረድኩበትን። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ድምፁን ሰማሁ... የእንጨት ድምፅ መስሎኝ ነበር። ስወጣ አንድ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጣውላው ውስጥ ነው። አትጮህም። «ቀስ በዪ፣ በረንዳውን እንዳትጎጂበት» ነው ያለችኝ። ዙሪያውን በመጋዝ ቆርጬ ነው ያወጣኋት።

ጎረቤታችን ሹፌሩ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይላሉ... ቅርብ ዘመድ ሲርቅ ምን እንደሚባል ግን አልነገሩንም። ከሐኪም ቤቱ ደጃፍ አሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩለት። ማታ አካባቢ እሱ ደወለ። «ይቅርታ፣ ስልኬ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት፤ ድንጋይ ተጭኖኝ ነበር» አለኝ። አልተቀየምኩም። ድንጋይ የተጫነው ሰው ምን ይሰማል ብለሽ ነው?

ምነው ደነገጥሽ? አንቺ ምን አጠፋሽ? ሥራሽን ሠራሽ። ያን ቀን ትዝ ይልሻል ግን? እንቅልፍ ወስዶት ነበር? እሰይ። ከቤታችን አንድ ሰው እንኳ ይረፍ።

እማዬን በስልክ አገናኘሁት። እግሯ ተጀሶ፣ «ቤት ውስጥ አዳልጦኝ ነው እንጂ በረንዳህስ ደህና ነው፣ የኔ ጌታ» አለችው። አመናት። ሰው ማመኑን ነው የምወድለት፤ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጨመረም።

ሁለቱን ጣውላዎች እኔው አነሣሁ። ልክ ወሰድኩ፣ ቆረጥኩ፣ በብሎን አሰርኩ፤ አበባዎቹን መሬት አወረድኳቸው። በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ቆመ፣ ወደ ታች አየ... እግዜር ይስጠው፣ ነገሩ ገባው ማለት ነው አልኩ በልቤ። «የእነዚህ ቀለም ከሌላው አይሄድም፤ ዥንጉርጉር አደረግሽው» አለኝ። ዓይኑ እንዴት ስል ነው! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው አይደል ተረቱ? እንግዲህ በረንዳዋም ሆዷን መሰለ።

ከዚያ ገብቶ ሳማት። እንዴት ነሽ ከማለቱ፣ መንገዱ ወገቡን እንደገደለው አጫወታት። እሷም ከተጀሰው እግሯ ሥር ትራሱን ስባ «ተደገፍበት» ብላ ሰጠችው። ተደገፈበት። ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ልጅ ትራስ ሊነፈግ ነው እንዴ? ሲሄድ እንኳ ትራሱን አልወሰደውም፤ ለእኛው ትቶልን ሄደ።

አሁን ደግሞ አንቺን ላከልን። «የዛሬውን ሐሙስ ለእናቴ ለቅቄያለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። ለራሱ ዓርብን አስይዟል? ጥሩ አደረገ፣ ወገቡ እንዳይጎዳ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚሉ ክፉዎች መጥተው ይዩ፤ የእማዬ ጠጠር እንኳ ተሞቆ ነው የመጣላት።

ብቻ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሳትጀምሪ። እማዬ ስኳር አለባት፤ እግሯም ጀርባዋም ሙቀት አይለይም። ሐኪሙ «የጋለ ነገር እንዳይነካት፣ ሳታውቀው ይልጣታል» ብሏል። ለሱም ነግሬዋለሁ... ሁለቴ። ስጦታ አመራረጥ ያውቃል እንጂ ሌላ ምን ይባላል? አይ፣ ማሞቂያሽን አትንቀዪው፣ ባዶሽን አትመለሺብኝ። መዳፏ ደህና ነው። ትንሿን ድንጋይ ለብ እስክትል ጠብቂና አስይዢልኝ። «ልጅዎ ነው የላከልዎ» በያት። እስኪመሽ አትለቃትም። ስትበርድባት ደግሞ «አሁንም እኮ ትሞቃለች» ነው የምትልሽ፤ እሺ በያት። እኔም እሺ ነው የምላት።

እሱ ሲጠይቅሽ ሁሉም ደህና ነው በዪው። እኔ ያልኩትን አትንገሪው። ምንስ ተናገርኩ? ከምስጋና ሌላ ከአፌ የወጣ አለ?

ስሚ፣ ነቃች መሰለኝ፤ ሳለች። ግቢ፣ ጫማሽን አታውልቂ።

የሱን ውለታ እኔ በምን አቅሜ እከፍለዋለሁ? ምርቃት ነው ያለኝ። ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ሽበቱን፣ ምርኩዙን፣ ፀሐይ መሞቂያውን ያሳየው። ሁለት ልጆች አሉት፣ ይደጉለት። እሱ እናቱን እንደጦራት እነሱም እሱን ይጡሩት፤ አንዲት ሳያጎድሉ... አንዲት ሳይጨምሩ።

አሜን አትዪም፣ የኔ እህት?